የማይጮኽ ኖዝል

የዚህ ወር ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የመጡት ከድሮ ናፍጣ መኪና ባለቤቶች ነው። አይገርመኝም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ ማስገባት ተከልክሏል። ሰውም እጁ ላይ ያለውን ማሳደስ ይዟል። ስለ ፍሬንና ስለ ካምቢዮ የጻፋችሁልኝ ታገሡኝ፣ በሚቀጥለው እትም እመለስበታለሁ። ዛሬ ኖዝል ብቻ ነው፤ ናፍጣውን አድቅቆ ወደ ሞተሩ የሚረጨው የኢንጀክተር ጫፍ።

ለማታውቁኝ፣ እኔ ፖምፒስታ ነኝ፣ የናፍጣ ፖምፓና ኢንጀክተር ጠጋኝ። ቄራ አካባቢ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ጠረጴዛ ፊት ሠላሳ ዓመት ቆሜያለሁ። ኢንጀክተር እፈታለሁ፣ እሞክራለሁ፣ መልሼ እገጥማለሁ። ሞተር አውርድልኝ የሚል ከመጣ ጎረቤቴ ጋ እልከዋለሁ። አዲስ ኖዝል እየሸጥኩ ብዙ ማትረፍ እችል ነበር። ግን ስንቱ ኖዝል ያለ ጥፋቱ ተፈርዶበት እንደሚመጣ ስለማይ እጄ እሺ አይለኝም።

*

«ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሚኒባሱን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ሃይስ ነው፣ ሞተሩ 3ኤል። ጠዋት ሲነሳ ነጭ ጭስ ግቢውን ይሞላዋል፣ ዓይን ያቃጥላል። ያንኳኳል፣ ይንዘፈዘፋል። ሩብ ሰዓት ያህል ሲሄድ ይሻለዋል። አንዱ ጋራዥ ‹አራቱም ኖዝል ይቀየር፣ ፖምፓውም ይታደስ› አለኝ። ሌላው ‹ሞተር ይውረድ› አለ። ሹፌሬ ደግሞ ‹ካንዴሌታ ነው› ብሎ ይምላል። ማንን ልመን?»
የሚኒባስ ባለቤት፣ ደብረ ብርሃን

እህቴ፣ ለጊዜው ማንንም አይመኑ። ሦስቱም ሳይለኩ ነው የተናገሩት።

ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ ማለት ያልነደደ ናፍጣ ነው። ናፍጣው ሲሊንደር ውስጥ ገብቷል፣ ግን አልተቃጠለም። ለምን? ወይ ሙቀት አጥቷል። ወይ ደቅቆ መግባት ሲገባው በጠብታ ገብቷል። ወይ ኮምፕረሽኑ፣ ማለት ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበት ኃይል፣ ደክሟል። ወይ ደግሞ ናፍጣውን የሚልከው ፖምፓ ሰዓቱን ስቷል። የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ይታወቃል። ሌሊቱን ሙሉ ውጭ ያደረ ብረት ጤነኛም ቢሆን ያስላል።

ከርካሹ እንጀምር። ሹፌርዎ ትክክል ሊሆን ይችላል። ካንዴሌታ፣ ሞተሩ ሲነሳ ሲሊንደሩን የሚያሞቀው ማለት ነው፣ በመሞከሪያ አምፖል ይታያል። የአምፖሉ አንድ ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላው የካንዴሌታው አናት ላይ። ከበራ ደህና ነው። ካልበራ ተቃጥሏል። አራቱን የሚያገናኘው ብረት ግን መጀመሪያ ይውረድ። አለበለዚያ ጤነኛው ለሞተው ይመሰክርለታል።

ካንዴሌታው ደህና ከሆነ ቀጣዩ ምርመራ የሚፈልገው 17 ቁልፍ፣ ጨርቅና መነጽር ብቻ ነው። ጠዋት፣ ሞተሩ ገና እያንኳኳ ሳለ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ በሚኒሞ ይተዉት። ከፖምፓ ወደ ኢንጀክተር የሚሄደውን ቱቦ ዳዶ መካኒኩ በጨርቅ ሸፍኖ ግማሽ ዙር ያላላው። ናፍጣው በዚያ ይወጣል፣ ሲሊንደሩም ያርፋል። ሞተሩ ከተንገዳገደ ያ ሲሊንደር ሲሠራ ነበር ማለት ነው። ያጥብቀውና ወደሚቀጥለው ይሂድ። አንዱን ሲያላላ ሞተሩ ምንም ካልመሰለው በሽተኛው ተገኘ። ከሥራ የቀረ ሰው መቅረቱ የማይታወቀው ድሮም ሳይሠራ ሲቀር ነው።

ግን ይህ የሚነግረን የትኛው ሲሊንደር እንደታመመ ነው። በሽታው የኖዝሉ ነው ወይስ የሲሊንደሩ? የዚያን ሲሊንደር ኢንጀክተር ከጎረቤቱ ጋር ያቀያይሩት። በሽታው ከኢንጀክተሩ ጋር ከሄደ ኢንጀክተሩን ይዘው ወደ ፖምፒስታ ይምጡ። እዚያው ከቀረ ኮምፕረሽን ያስለኩ። ያኔ «ሞተር ይውረድ» ያለው ሰው እውነቱን ይሆናል። ይህ ሁሉ ግፋ ቢል የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ስለ ማውጣት አንድ ነገር ልበል፣ እኔ ራሴ ያጠፋሁበት ነውና። ኢንጀክተሩ ከመፈታቱ በፊት ዙሪያው ታጥቦ በነፋስ ይነፋ። ከዚያ 27 ቁጥር ረጅም ቡሽ ቁልፍ ገብቶ ይፈታል። የተፈታው ቱቦ አፍ ወዲያው በንጹሕ ፕላስቲክ ይታሰር። ከሥር ያለችው ማሸጊያ ቀለበት፣ ሮንዴላ፣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኢንጀክተሩ ጋር አትወጣም፣ ጉድጓዱ ውስጥ ተጣብቃ ትቀራለች። አንድ ጊዜ ሲመሽ ቸኩዬ እሷን ሳላይ አዲሷን ከላይ ደረብኩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መኪናው ተመለሰ። ኢንጀክተሩ ዙሪያ ጥላሸት ለብሷል። ጋዝ እያፈተለከ ባቡር መስሏል። ባለቤቱ «ጠንቋይ ነው የሠራው?» አለኝ። ምን እላለሁ? በባትሪ መብራት ጉድጓዱን ማየት ደቂቃ አይወስድም ነበር። ሮንዴላ ሁልጊዜ በአዲስ ይተካል፣ አሮጌዋም ተቆጥራ ትውጣ።

አሁን ወደ ጠረጴዛዬ እንምጣ። የኖዝል መሞከሪያ ቀላል ዕቃ ነው። በእጅ የሚጫኑት ፖምፓ፣ ትንሽ ጋን፣ አንድ የግፊት ሰዓት። ኢንጀክተሩ ጫፉን ወደ ታች አድርጎ ይታሰራል። ማንሻውን ቀስ ብዬ ስጫን ሰዓቱ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ኖዝሉ ይከፍታል። የ3ኤል ኖዝል በ150 ኪሎ ግፊት (በካሬ ሴንቲ ሜትር) ገደማ መክፈት አለበት። ባር የሚል ሰዓት ካለ አይጨነቁ፣ ኪሎና ባር ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው። ብዙ መንገድ የበላ ኖዝል በ115፣ በ120 ሲከፍት አያለሁ። ውስጡ ያለው ሞላ ደክሟል ማለት ነው። ቀድሞ ይከፍታል፣ ያልደቀቀ ናፍጣ ይለቃል። ማንኳኳቱም ከዚያ ይመጣል።

ሁለተኛ፣ ጆሮዬን እጥላለሁ። ጤነኛ ኖዝል ይጮኻል። እንደ ፌንጣ ክርርር ይላል። ውስጡ ያለችው መርፌ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ እየከፈተችና እየዘጋች ነው። ናፍጣውን የሚያደቅቀው ይህ መንቀጥቀጥ ነው። የማይጮኽ ኖዝል ከጀበና እንደሚወርድ ቡና ያንቆረቁራል። ልምድ ያለው ፖምፒስታ ዓይኑን ጨፍኖ ይለየዋል ቢባል ማጋነን አይደለም። ለተማሪዎቼ በመጀመሪያው ሳምንት ሰዓቱን በጨርቅ እሸፍንባቸዋለሁ። ይናደዳሉ፣ ግን ጆሯቸው ይከፈታል።

ሦስተኛ፣ ርጭቱን አያለሁ። የሚረጨው ጠባብ፣ ቀጥ ያለና እኩል መሆን አለበት። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ወይም በመሐሉ ክር የመሰለ መስመር ከታየ ጫፉ ላይ ጥላሸት አለ።

አራተኛው የመጨረሻው ፍርድ ነው። ግፊቱን ከመክፈቻው ከ10 እስከ 20 ኪሎ ዝቅ አድርጌ እይዛለሁ። አሥር ሰከንድ እቆጥራለሁ። በዚያ ጊዜ ጫፉ ላይ ጠብታ መንጠልጠል የለበትም። የሚያንጠባጥብ ኖዝል ጥፋቱ ከሁሉ የከፋ ነው። መርፌዋ ከመቀመጫዋ ጋር አልገጠመችም። ሞተር ላይ ያቺ ጠብታ ያለ ሰዓቷ ትገባለች። ጥላሸት ትሠራለች፣ ቆይታም ፒስተን ታበላሻለች።

ኖዝሉ ፈተናውን ከወደቀ እፈታዋለሁ። እዚህ ላይ አንድ ሕግ አለ። መርፌና አካሉ ባልና ሚስት ናቸው። ሲሠሩ አንዱ በሌላው ውስጥ ተሽቶ ነው የተጋቡት። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሁለት ወይም ሦስት ማይክሮን ነው። የራስ ፀጉር ወደ 70 ማይክሮን ይወፍራል፣ እንግዲህ አስቡት። የአንዱን መርፌ ለሌላው አካል መስጠት አይቻልም። ይህን የተማርኩት በረዳትነት የተቀጠርኩ ሰሞን ነው። ቶሎ ልጨርስ ብዬ አራቱን መርፌና አራቱን አካል አንድ ሣህን ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው። ሥራ ያስተማሩኝ ሰው መጡ፣ ሣህኑን አዩ፣ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ወንበር ሳቡልኝና «በል አጋባቸው» አሉኝ። እስከ ማታ ሦስት ሰዓት አንዷን መርፌ ከአንዱ አካል ስሞክር አመሸሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠረጴዛዬ ላይ አራት ኩባያ አለ። ለስድስት ሲሊንደር ስድስት።

መርፌዋ ጤነኛ መሆኗ እንዲህ ይታወቃል። ሁለቱም በንጹሕ ናፍጣ ይታጠባሉ። አካሉን 60 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ መርፌዋን ሢሶዋን ያህል ወደ ላይ መሳብ፣ ከዚያ መልቀቅ። በራሷ ክብደት ቀስ ብላ መውረድ አለባት። ከያዛት እንደገና ትታጠብ፣ ትሞከር። አሁንም ከያዛት አበቃ። የተሸበት ለስላሳ ገጽ በጣት አይነካም። የእጅ ላብ ያዝገዋል። ጥላሸቱ የሚወርደው በእንጨት ስንጥርና በነሐስ ብሩሽ ነው። በብርጭቆ ወረቀት የፈተጉ ሰዎች ኖዝል አምጥተውልኝ ያውቃሉ። ያብረቀርቃል። ከማብረቅረቅ በቀር ሌላ ሥራ የለውም።

ግፊቱ የሚስተካከለው ሞላው ላይ በምትቀመጥ ስፔሶር በምትባል ስስ ብረት ነው። ስፔሶሯ 0.025 ሚሊ ሜትር ስትወፍር ግፊቱ በ3.5 ኪሎ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ 115 ላይ የወረደውን ወደ 150 ለመመለስ ሩብ ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከአንድ በላይ ስፔሶር መደራረብ ክልክል ነው። ከቆርቆሮ ጣሳ ቆርጠው የሚያስገቡም አሉ። ከኢንጀክተር ውስጥ የለስላሳ መጠጥ ጣሳ አውጥቼ አውቃለሁ፣ ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም ነበር።

አራቱ እርስ በርስ መቀራረባቸው ከቁጥሩ እኩል ይጠቅማል። አንዱ በ155፣ ሌላው በ140 ቢከፍት ሞተሩ በሚኒሞ ይንዘፈዘፋል። እኔ ከ5 ኪሎ በላይ ልዩነት አላሳልፍም።

እንግዲህ እህቴ፣ ለፖምፒስታው የሚሉት ይህን ነው፦ «መጀመሪያ እንዳሉ ይሞከሩልኝ፣ ቁጥሩን ጻፍልኝ።» ግፊት ብቻ የወረደባቸው ስፔሶር ይበቃቸዋል። ታጥቦም የሚያንጠባጥበው በአዲስ ኖዝል ይተካ። አዲሱም ይሞከር። ካርቶኑ ያማረ፣ ውስጡ ግን ፎርጅድ የሆነ በገበያው ሞልቷል። ደህናውም ቢሆን የዝገት መከላከያ ቅባቱ ሳይታጠብ ከገባ መርፌው ይጣበቃል። ሲታሰር ደግሞ በኃይል ሳይሆን በቶርክ ቁልፍ ይሁን። ያለ ልክ የተጠበቀ ኖዝል ተጣሞ መርፌዋን ይይዛታል። ፖምፓውን ለጊዜው አይንኩት። ተራው ከደረሰ እናየዋለን።

*

«ሰላም ጋሼ። 1ኤችዜድ ላንድክሩዘር እነዳለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ዳገት ስወጣ ጥቁር ጭስ ይለቃል፣ ከኋላ ያለው ሰው አይታይም። ወደ አዋሽ ስወርድ ግን ጭሱ የለም ማለት ይቻላል። ስድስቱንም ኖዝል ቀይር ተብያለሁ።»
የመሥሪያ ቤት ሹፌር፣ አዲስ አበባ

ወንድሜ፣ መልሱን አንተው ጽፈኸዋል። ኖዝል አዋሽ ሲደርስ አይድንም።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አዋሽ ግን 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአንተ ሞተር ቱርቦ የለውም፣ የሚተነፍሰው ያገኘውን ነው። ፖምፓው ደግሞ የት እንዳለ አያውቅም። እንጦጦ ላይም አዋሽም ያንኑ ናፍጣ ይልካል። አየር ሲያንስ ናፍጣው ተርፎ ጥላሸት ይሆናል። አንዳንድ ፖምፓ ከፍታን የሚያውቅ መሣሪያ አለው። የአንተ እንዳለውና እንደሌለው ፖምፒስታ በአንድ እይታ ይነግርሃል።

መጀመሪያ የአየር ፊልትሮህን አውጣና ፀሐይ ላይ ያዘው። ብርሃን ካላሳለፈ ጣለው። ቀጥሎ ፖምፓው ላይ ያለችውን የናፍጣ መጠን ቡሎን ሰው ነክቷት እንደሆነ አስፈትሽ። የፋብሪካው ማሸጊያ ከተሰበረ አንዱ «ጉልበት ልጨምርልህ» ብሎ አዙሯታል። በማሽን ላይ ትንሽ መቀነስ ይቻላል። ግን ልንገርህ፣ እዚህ ዳገቱን ሳያጨስ የሚወጣ መኪና ቆላ ሲወርድ ትንሽ ጉልበት ያጥረዋል። የትኛውን እንደምትመርጥ የሚወሰነው ብዙ ጊዜ በምትሄድበት ነው።

ደጋም ቆላም እኩል የሚያጨስ ቢሆን ኖሮ ኖዝሉን እጠረጥር ነበር።

*

«የኖዝል ጫፍ ሲሞከር እጅ አታስጠጉ ይሉናል። የሚረጨው እኮ ጉም ነው። ምን ያደርጋል?»
የአውቶ መካኒክ ሠልጣኝ፣ ሐዋሳ

ልጄ፣ ያ ጉም ቆዳ ይበሳል። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው ነፋስ ሁለት ባር ተኩል አካባቢ ነው። ይህ ደግሞ 150 ነው፣ በጠባብ ቀዳዳ። ናፍጣው ቆዳህን እንደ መርፌ ወግቶ በሥጋህ ውስጥ ይሰራጫል። የሚያስፈራው ነገር መጀመሪያ አለማመሙ ነው። ትንሽ ነጥብ ትታያለች፣ ደም እንኳ ላይኖራት ይችላል። ሰውየው ጣቱን ጠርጎ ሥራውን ይቀጥላል። ማታ እጁ ያብጣል።

ድሮ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ እንዲህ ሆነ። ሁለት ቀን ቅባት ሲቀባ ከረመ። የሌባ ጣቱ ጫፍ ተቆረጠ።

ከነካህ ያኑ ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሂድ። ለሐኪሙ «መርፌ ወጋኝ» እንዳትል። «በከፍተኛ ግፊት ናፍጣ እጄ ውስጥ ገብቷል» በል። ኦፕራሲዮን ሊያስፈልገው ይችላል፣ ሰዓታት ዋጋ አላቸው። ጉሙንም አትተንፍሰው፣ መስኮት ክፈት። ኖዝሉ በብርጭቆ ወይም በግልጽ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይርጭ። ክብሪትና ሲጋራማ ጭራሽ አይታሰብም።

*

«ላምባ ከናፍጣ ጋር ቢደባለቅ ኖዝል ያጸዳል ይባላል። እውነት ነው? ምን ያህል ልጨምር?»
የፒክአፕ ባለቤት፣ ጅማ

ምንም አትጨምር። አንዳንዴም ሳትጨምር የተጨመረ ልታገኝ ትችላለህ፣ ከማታውቀው ሰው በበርሜል አትግዛ።

ላምባ ቀጭን ነው። የአንተ ዓይነት መኪና ፖምፓ የራሱ ዘይት የለውም፣ ውስጡን የሚያለሰልሰው የሚያልፍበት ናፍጣ ነው። ናፍጣው ሲቀጥን ብረት ከብረት ይፋተጋል። ኖዝል ላጽዳ ብለህ ፖምፓ ትቀብራለህ። ተጣብቆ የደረቀ ጥላሸትም በላምባ አይለቅም።

ኖዝል የሚገድለው አቧራና ውኃ ነው። ሁለቱንም የሚይዘው የናፍጣ ፊልትሮው ነው። ከሥሩ ያለችውን መልቀቂያ በሳምንት አንድ ጊዜ ክፈትና ውኃውን አስወጣ፣ በክረምት ቶሎ ቶሎ። ጅማ ላይ ዝናቡን አንተ ታውቀዋለህ። መኪናው ቆሞ የሚያድር ከሆነ ታንከሩን ማታ ሙላው። ባዶ ቦታው ውስጥ ያለው እርጥበት ሌሊት ወደ ውኃነት ይለወጣል። ፊልትሮ ስትቀይር አዲሱን ከክፍት ጀሪካን ናፍጣ አትሙላው፣ ባለው የእጅ ፖምፓ እየሳብክ ሙላው። መርፌ ላይ የዛገ ነጥብ ሳይ መልኩ የውኃ እንደሆነ ወዲያው አውቃለሁ።

*

«ሃይሉክስ ነው፣ ሞተሩ 2ኬዲ። በሚኒሞ ይንቀጠቀጣል። እንደ ድሮዎቹ ቱቦ እያላላሁ በሽተኛውን ልፈልግ?»
መካኒክ፣ ባሕር ዳር

በፍጹም! ይህ ኮመን ሬል ነው፣ ኢንጀክተሮቹ ሁሉ ከአንድ የጋራ ቱቦ የሚቀዱበት። በጋራ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት የድሮዎቹን አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ሞተሩ እየሠራ ዳዶ ካላላህ ለሠልጣኙ ልጅ የጻፍኩትን ሁሉ በአሥር አባዛው።

በእኔ የእጅ ፖምፓም አይሞከርም። ኢንጀክተሩን የሚከፍተው ሞላ ሳይሆን ኮምፒውተር ነው። ምርመራ ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ማስተካከያ ቁጥር ያነብልሃል፣ የአንዱ ከሌሎቹ ከራቀ ከዚያ ጀምር። ኢንጀክተሩን መጠገን ደግሞ ሌላ ማሽን፣ ሌላ ክፍል፣ ሌላ ንጽሕና ይፈልጋል። የእኔ ጠረጴዛ እዚያ አይደርስም፣ ደርሷል ብዬም አላታልልህም።

*

«እዚህ ቨርጂኒያ ነኝ። የ1985 መርሴዲስ 300ዲ ቱርቦ ገዛሁ። አባቴ አዲስ አበባ 240ዲ ነበረው፣ ድምፁ ከልጅነቴ ጆሮዬ ላይ አለ። የእጅ መሞከሪያ በፖስታ አስመጣሁ። ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ጋር ኢንጀክተሮቹን ቤት ውስጥ ማደስ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?»
አንባቢ፣ አሌክሳንድሪያ

መርሴዲስ ናፍጣን የቤት መኪና ላይ የጫነው በ1936 በ260ዲ ነው። የአንተዋ የዚያ ዘር ናት። አምስት ሲሊንደር፣ አምስት ኢንጀክተር፣ ናፍጣው መንደድ የሚጀምርበት ቅድመ ክፍል ያለው ሞተር፣ ከትዕግሥት በቀር ምንም የማይፈልግ። እኔ ለእነዚህ ሞተሮች አዳላለሁ፣ አልክድም።

ከላይ ለደብረ ብርሃኗ እህታችን የጻፍኩት ሁሉ ለአንተም ይሠራል፣ ቁጥሩ ብቻ ይለያል። የቱርቦው ሞተር አዲስ ኖዝል ከ135 እስከ 145 ባር ውስጥ ይከፍታል። ያገለገለው ከ120 በታች መውረድ የለበትም። የአባትህ 240ዲ ቱርቦ የሌለው ስለሆነ ዝቅ ይል ነበር፣ 115 አካባቢ። አምስቱ እርስ በርስ ከ5 ባር በላይ አይራራቁ።

ከኢንጀክተሩ ሥር ስስ የሙቀት መከላከያ ሮንዴላ አለች። አንድ ጊዜ ከተጨመቀች ሁለተኛ አትሠራም። አምስት አዲስ ሳትይዝ አትጀምር። አሮጌዎቹን አምስቱንም ቁጠር። እኔን አስታውስና ጉድጓዱን በመብራት እይ። በጨርቅ የተሸመኑት ትናንሽ የመመለሻ ጎማዎችም በዚህ ዕድሜ ይሰነጠቃሉ፣ ጥቂት ሜትር ገዝተህ ሁሉንም ቀይር። ብዙ ሰው ኖዝል ያንጠባጥባል ብሎ የሚያዝነው በእነሱ ጥፋት ነው። 27 ረጅም ቡሽ ያስፈልግሃል። ስታስር ከ70 እስከ 80 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ አትለፍ።

ለልጅህ አምስት ኩባያ ስጠው፣ ቁጥር ይጻፍባቸው። ከማደስህ በፊት አንዱን አሮጌ እንዳለ መሞከሪያው ላይ አስረህ ድምፁን አሰማው። ካደስከው በኋላ ያንኑ አሰማው። ማንሻውን እሱ ይጫን፣ አንተ ሰዓቱን አንብብ። እጁ ማንሻው ላይ ብቻ ይሁን። መነጽር ደግሞ ለሁለታችሁም።